የጠላቂው የእጅ ሻንጣ

ገንዳ ውሃ መናኸሪያ፣ መንገደኛ ሁሉ ጓዙን ዘርግፎ በሚፈተሽበት ጠረጴዛ ሥር፣ አንድ ረጅም ሰው አፈር ላይ ቁጭ ብሏል። አያለቅስም። ቢያለቅስ ይሻለው ነበር። ጠረጴዛው ላይ የእጅ ሻንጣው አፉን ከፍቶ ተቀምጧል፤ ከሻንጣው አጠገብ ነጭ ጀላቢያ ተዘርግቷል፤ ጀላቢያው ላይ ደግሞ ሰሊጥ ተቆልሏል።

«ሰሊጥ ነው» አለ ፈታሹ።

«ዓይን አለኝ» አለችው ኢንስፔክተር ዝናሽ። «ለሰሊጥ ነው ከሥራዬ ያስነሳኸኝ? ይህ አገር ከሰሊጥና ከፀሐይ ሌላ ምን አለው?»

«ሰሊጡ አይደለም። በሰሊጡ ቦታ የነበረው ነው የጠፋ።»

ዝናሽ የጭልጋ ልጅ ናት። ቆላ ከወረደች ሰንብታለች፤ ወረዳ ለወረዳ ስትዘዋወር፣ የሰው በር ስታንኳኳ፣ የራሷን በር የሚያንኳኳ ሰው ሳታፈራ ቀረች። ባል አላገባችም። አልተጠየቀችም ብሎ የሚያማት ካለ አፉን ይዝጋ፤ ተጠይቃ እምቢ ብላ ነው። ምሳዋን ቆማ ትበላለች፤ ብቻውን የሚበላ ሰው ለመቀመጥም ይሰለቻል።

ሰውየውን ተነስ አላለችውም። እሱ ወዳለበት ዝቅ አለችና እሷም ተረከዟ ላይ ተቀመጠች።

«ስምህ?»

«ሙሐመድጣሂር።»

«የማን አገር ሰው ነህ?»

«እናቴ የመተማ ልጅ ናት። ያደግሁት ፖርት ሱዳን ነው። ጠላቂ ነኝ። ፈረንጆቹን ባሕር ሥር እያወረድሁ ዓሣና ድንጋይ አሳያለሁ፤ አሳይ ነበር። ጦርነቱ መጣ፤ ቤቴን ትቼ የውሃ ውስጥ መተንፈሻዬን ይዤ ወጣሁ።»

«የጠፋው እሱ ነው?»

«እሱ ነው። ነገ ከጎንደር አውሮፕላን አለኝ። ዛንዚባር ሥራ አግኝቻለሁ፤ ባለቤቱ ‹ዕቃህን ይዘህ ና› ብሎኛል። ያለ መተንፈሻ የሄደ ጠላቂ ምን ይባላል? ዋናተኛ። ዋናተኛ ደግሞ እዚያ ሞልቷል።»

ዝናሽ ወደ አውቶቡሶቹ አየች። በዚያ መንገድ መኪና የሚወጣ በአጀብ ነው። አጀቡ ከቀትር በኋላ ይነሳል፤ ዛሬ ያመለጠው መቼ እንደሚወጣ ሹፌሩም፣ አጃቢውም፣ እግዜርም አይነግረው።

«እንዴት እንደከተትኸው ንገረኝ። አንድም ሳታስቀር።»

እጁን ሲያንቀሳቅስ ነፍሱ የተመለሰች መሰለ። «ሁለት ሻንጣ ነው። ትልቁ አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ የሚገባ ነው። የእግር ክንፉ፣ ወፍራሙ ልብስ፣ ቢላዋው እዚያ ነው። ቢላዋ በእጅ ሻንጣ ይዘሽ ብትሄጂ ይቀሙሻል። ትልቁ ቢጠፋ ይጥፋ፤ ሌላ ይገዛል። የእጅ ሻንጣው ግን ከኔ አይለይም። የፊት መስታወቱን ጫማዬ ውስጥ ከተትሁ፣ እንዳይሰበር። የጥልቀት ሰዓቱን ካልሲ ውስጥ። መተንፈሻው መሀል ላይ ይሆናል፤ ቱቦው እንዳይታጠፍ እንደ እባብ ጠምዝዤ፣ በጀላቢያዬ ጠቅልዬ፣ በገመድ አሰርሁት።»

«የአየር ሲሊንደሩስ?»

«እሱን አውሮፕላን አይቀበለውም። እዚያ አላቸው። የኔ ባዶ ነው፤ ለነጋዴው ለበሽር ተውሁለት።»

«አስረኸው አልከፈትኸውም?»

«የተከተተ ሻንጣ ከተከፈተ እንደገና አይዘጋም። እያንዳንዷ ቀዳዳ ሞልታለች። ክብደቱ ያው ነው፤ ቅርጹ ያው ነው። ለምን እከፍተዋለሁ?»

ፈታሹ ጀላቢያውን ሲከፍት ገመዱን ሳይፈታ በጎን አውጥቶት ነበር። ዝናሽ ገመዱን አነሳችው። ቋጠሮው እንዳለ ነው፤ ጥምዝ ያለ፣ ጭራው በቀለበቱ ውስጥ አልፎ የተመለሰ፣ እሷ በፍየልም በጆንያም አይታ የማታውቀው ቋጠሮ።

«ይህ የማን እጅ ነው?»

ሰውየው ገልብጦ አየው። «የኔ ቋጠሮ ነው። የባሕር ቋጠሮ ነው።»

«ቋጠሮው ያንተ ከሆነ ሌባው አንተ ነህ።»

«ወላሂ አይደለሁም!»

«የራሱን ዕቃ ደብቆ የሚጮህ አይቻለሁ።»

«እኔ ጮህሁ?»

አልጮኸም። ይህንን ለራሷ መዘገበችው። ገመዱን ከነቋጠሮው ኪሷ ከተተች፤ ከሰሊጡም በመሀረብ ቋጠረች። ጠላቂው እንዳለው፣ ሻንጣው ትናንት ከተዘጋ ወዲህ የዋለና ያደረው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ሌሊቱን ተከራይቶ ከሚኖርበት ከባየሽ ቤት፣ ጠዋት እሱ ትኬት ሲቆርጥና ሲሰግድ ደግሞ ከነጋዴው ከበሽር መጋዘን።

በባጃጅ ሄደች። የመጋዘኑ ትልቅ በር ቁልፉ ተሰብሮ በገመድ ታስሯል። ሽማግሌው ዘበኛ ደምለው ገመዱን ፈቶ አስገባት። ሲሄድ መሬት የሚቆጥር የሚመስል፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሰላምታ እንኳ ሲሰጥ አንገቱን ነው እንጂ አፉን አያነቃንቅም። ዛሬ ግን አንድ ነገር ወጣው።

«ጠላቂው ተሳፈረ?»

«አልተሳፈረም፣ አያ ደምለው።»

«እህ» አለና በሩን መልሶ አሰረ።

በሽር በጆንያ ክምር መሀል ቆሞ ሠራተኞቹን ይጨቃጨቃል። ዝናሽን ሲያይ እጁን ዘረጋ።

«ሐጂ፣ ጠላቂውን ማስቀረት ፈልገው ነበር ይባላል።»

«ማን ያልፈለገ! የውሃ ፓምፔ ክረምት ሽንፋ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ማን አወጣልኝ? ስንቱ ጎረምሳ ዳር ቆሞ ሲያይ፣ እሱ ነው ጭቃ ውሃ ውስጥ የገባ። ‹ቅር፣ ፓምፖቼን ሁሉ ላንተ ልስጥህ› አልሁት። ‹ጭቃ ውስጥ መኖር አልችልም› አለኝ። ተሰደብሁ፣ ግን እውነቱን ነው።»

«ስለዚህ መተንፈሻውን ወሰዱበት።»

«አስተግፊሩላህ! ወስጄስ? ሲሊንደሩ ባዶ ነው፤ የቀረችውን አየር ለኔ ፓምፕ ጨረሳት። ያንን የሚሞላ መሣሪያ እዚህ አገር የለም። መተንፈሻውን አንጠልጥዬ ማንን ላስተነፍስበት፣ ግመል?»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ዝናሽ አልሳቀችም፤ ግን አመነችው። ከንጋት ጀምሮ ከገዢዎች ጋር እንደቆመ ስንት ምስክር አለው። መሀረቧን ፈትታ አሳየችው።

«ሰሊጡ ግን የመጋዘን ይመስላል።»

በሽር ቆንጠር አድርጎ በመዳፉ ፈተገው፣ እፍ አለበት፤ አንዲትም ገለባ አልበረረችም። ከአጠገቡ ካለው ጆንያ ዘግኖ እፍ ሲልበት አቧራው የዝናሽን ዓይን ሞላው።

«የኔ ይህ ነው፤ ከነአፈሩ፣ ከነገለባው። ያ ያንቺው በእጅ የተለቀመ ነው። አንድ በአንድ። ደግሞ እኔ ሌባ ብሆን ሰሊጤን አልከትም» አለና ከሚዛኑ ሥር የተደረደሩትን የብረት ክብደቶች በእግሩ ነካ አደረገ። «ይህ ሁሉ ብረት እያለ?»

ዝናሽ መጋዘኑ ደጅ ቆመች። ብረቱ እውስጥ አለ፤ ድንጋዩ ደጁን ሞልቶታል። ክብደት ለመተካት አንድ ድንጋይ ይበቃል። ይህ ሌባ ግን ቁጭ ብሎ የለቀመውን ንጹሕ ሰሊጥ ከተተ። ለምን?

እናቷ ትዝ አለቻት። ወንድሟ ለሥራ ወደ ሁመራ ሲወርድ እናቷ ከረጢቱን ገልብጣ ስታራግፍ፣ ጠጠር እንዳይቀርበት በጣቷ ስትዳስስ። በጭልጋና በደጋው ሰው ዘንድ በመንገደኛ ጓዝ ድንጋይ የሚከት፣ አትመለስ ያለ ነው፤ ጠላት እንኳ አፍሮ የሚተወው ክፋት ነው። የጠላቂው ሌባ ሰርቆም ይህንን አላደረገም። ስንቅ ነው የከተተለት።

የሚወደው ሰው ነው የሰረቀው። ደገኛ ነው።

ባየሽ ደገኛ ናት።

«ነይ ግቢ፣ የመንግሥት ልጅ» አለቻት ባየሽ ከጥላው ሥር ሳትነሳ። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ በምላሷ ግን ሰፈር የምትገዛ አሮጊት ናት። «ፍራሼን ትገለብጪ ወይስ እኔን?»

«ጥያቄ ብቻ ነው፣ እትዬ ባየሽ። ቤትዎ ሰሊጥ አለ?»

«ገንዳ ውሃ ተቀምጦ ሰሊጥ የሌለው ማን ነው? ግቢና እይው።»

ዝናሽ ገብታ ማሰሮውን ከፈተች። ሰሊጡ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ዘይቱ ወጥቶበታል።

«ጥሬውስ?»

«ጥሬውን በምን ላኝከው?» ባየሽ አፏን ከፍታ ድዷን አሳየቻት። «እይ! ይህንንም ጻፊው።»

«ሰውየው ሲሄድ አላዘኑም?»

«አዘንሁ እንጂ። ቤቱ ወና ይሆናል፤ ደግሞ ጥሩ ልጅ ነው፣ እግሩን ታጥቦ ነው የሚገባ። አዘንሁና እፊቱ ነገርሁት። ‹አትሂድ› አልሁት። ‹እሄዳለሁ› አለ። ‹እንግዲያው ገደል ግባ› አልሁት። ከዚያ ዳቦ ቆሎ ሠራሁለት። እኔ የምፈልገውን በአፌ ነው የምል። የሰው ሻንጣ የሚፈታ አፍ የሌለው ነው።»

«አፍ የሌለው ማን ነው?»

«መርማሪዋ አንቺ አይደለሽ?»

ዝናሽ ሳቋን ዋጠች። «እሺ፣ ከሱ ጋር የሚቀመጥ ማን ነበር?»

«ለስደተኛ ማን ይቀመጥለታል? ሲመጣ ያየው የለ፣ ሲሄድ የሚያየው የለ። ያ ደምለው ብቻ ይመጣል። እደጄ ላይ እንደ ሁለት ግንድ ይቀመጣሉ። አያወሩም፣ አያሙም! ሰው እንዴት ሳያማ ይመሽለታል? አንድ ቁራጭ ገመድ ይዘው ሲያስሩ ሲፈቱ፣ ሲያስሩ ሲፈቱ...»

ዝናሽ ተነሳች። ደህና ይዋሉም አላለች።

መጋዘኑ በር ላይ ስትደርስ አላንኳኳችም። ከኪሷ ገመዱን አወጣችና በሩን ከያዘው ቋጠሮ ጎን አስጠጋችው። ጥምዙ ያው፣ ቀለበቱ ያው፣ ጭራው የተመለሰበት ያው። ጠዋት በዚህ በር ገብታ ወጥታለች፤ ዓይኗ እያየ።

ደምለው ከወዲያ በኩል በስንጥቁ ያያታል። ሳትናገር ፈታላት።

ጎጆው ከበሩ ጥግ ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ጀሪካን፣ አንድ ኩባያ። ሰፌድ ላይ ግማሹ የተለቀመ ግማሹ ያልተለቀመ ሰሊጥ ተዘርግቷል። ይህንን ሥራ የሴት ነው የሚል አለ፤ ሴት የሌለው ወንድ ምን ይብላ ታዲያ፣ አፈር?

«ቁጭ በይ» አላት። የምትቀመጥበት ስለሌለ እሱ ቆሞ አልጋውን ለቀቀላት።

«አያ ደምለው፣ የት ነው?»

ከአልጋው ራስጌ፣ ከግድግዳው ላይ፣ በንጹሕ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር አወረደ። ሲፈታው ጥቁር ቱቦዎቹ እንደ ተቀባ ጠጉር ያብለጨልጫሉ።

«ሙቀቱ እንዳይሰነጥቀው በሰሊጥ ዘይት አሸሁት» አለ። እንደሚኮራበት ነው ያለው።

«ለምን ወሰዱት?»

የነጠላውን ጫፍ በጣቱ ማጠፍ ጀመረ። ዝናሽ መጠበቅ ታውቃለች።

«ሽንፋ ላይ ገመዱን ለኔ ነው የሰጠኝ። ያ ሁሉ ጎረምሳ ቆሞ፣ ለኔ። ወገቡ ላይ አሰረና ጫፉን አስያዘኝ። ‹አንዴ ከሳብሁ ደህና ነኝ ማለት ነው፤ ደጋግሜ ከሳብሁ አውጣኝ› አለኝ። ገባ። ውሃው ጭቃ ነው፤ ምንም አይታይም። ገመዱ ነቅነቅ ሲል እዚህ ነቅነቅ ይላል።» ደረቱን ነካ። «ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ንብረት ጠበቅሁ፣ ልጄ። ጆንያ፣ ትራክተር፣ ናፍጣ። ሰው ጠብቄ አላውቅም ነበር።»

«እና?»

«‹እዚያስ ገመድህን ማን ይይዛል?› አልሁት። ሳቀ። ‹እዚያ ገመድ የለም› አለኝ። ያለ ገመድ! ከዚያ ትልቅ ውሃ! መተንፈሻ ከሌለው አያስገቡትም አልሁ። አይገባም አልሁ። ጠዋት ሻንጣውን አደራ ብሎኝ ወደ መስጊድ ሲሄድ ፈታሁት።»

«ሥራው ቢቀርበትስ?»

«ሥራ ይቅር። ሰው ከሚቀር።»

«በምትኩ ድንጋይ ለምን አልከተቱም?»

ደምለው ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣ። «ለመንገደኛ? ምን ዓይነት አውሬ አደረግሽኝ!»

በባጃጅ ወስዳ ፖሊስ ጣቢያ አስቀመጠችው። ካቴና አላገባችለትም፤ ነጠላውን አጣጥፎ በብብቱ ይዞ ዝም ብሎ ነው የተከተላት። ከዚያ ወደ መናኸሪያ።

የአጀቡ መኪና ሞተሩን አስነስቷል፤ አውቶቡሶቹ ጥሩምባቸውን ያጮኻሉ። ጠላቂው መተንፈሻውን ሲያይ በሁለት እጁ ተቀበለ፤ አሸተተና ፊቱ ጠቆረ።

«ዘይት! ማን ነው ዘይት የቀባው? አየር በሚያልፍበት ዘይት አይነካም!» ከሻይ ቤቱ ሳሙናና ውሃ ለምኖ እያጉረመረመ አጠበው፤ በጀላቢያው ጫፍ አደረቀው። አፉ ላይ አድርጎ ሳበበት። መንገደኛው እንደ ጉድ ከቦ ያያል። «የውስጡን እዚያ ስደርስ ፈታትቼ አጥበዋለሁ። ካልሆነ ሳንባ ያበላሻል» አለ።

«ስማ» አለችው ዝናሽ። «ክስ ከመሠረትህ ቃልህን ልቀበል፤ ያን ጊዜ ግን መኪናው ያመልጥሃል። ካልመሠረትህ ሰውየውን እለቅቀዋለሁ።»

«ማን ነው?»

«ደምለው።»

ቱቦውን መጠምዘዝ ጀምሮ ነበር፤ እጁ ቆመ። ሁሉንም ነገረችው፤ ገመዱን፣ ሽንፋን፣ ትልቁን ውሃ።

«ለምን አልነገረኝም?»

«ነግሮሃል። ሳቅህበት።»

ሹፌሩ ስሙን ጠራው። እሱ አልሰማም። ከቱቦዎቹ ሁለቱን ብድግ አድርጎ አሳያት፤ በአንደኛው ጫፍ ጥቁር የአፍ መያዣ አለ፣ በሌላው ቢጫ።

«ጥቁሩ የኔ ነው። ቢጫው የኔ አይደለም፤ የሌላ ሰው አፍ ነው። ባሕር ውስጥ ማንም ብቻውን አይወርድም። ሁለት ሁለት ነው። የጓደኛዬ አየር ቢያልቅ ከኔ ቢጫ ይተነፍሳል፤ የኔ ቢያልቅ ከሱ። ገመድ የለም ያልሁት ለዚህ ነው። ንገሪው፤ ለኔ ብለሽ ንገሪው።»

«ክሱስ?»

«ምን ክስ! ኻላስ፣ አለቀ።»

መተንፈሻውን መሀል ላይ አስቀመጠ፣ ልብሱን በዙሪያው ጠቀጠቀ፣ ጫማውን ከነመስታወቱ በጎን አስገባ፤ ሻንጣው በጉልበቱ ተጭኖ ተዘጋ። ተሳፈረ። በመስኮቱ እጁን አላወዛወዘም፤ ሁለት እጁም ሻንጣውን አቅፏል።

ዝናሽ አቧራው እስኪበርድ ቆማ አየች። ስንቱን ሸኝታለች፤ አንዱም የሷ አልነበረም።

ጣቢያ ስትመለስ ደምለው አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«ክስ የለም፤ ይሂዱ፣ አያ ደምለው።»

አልተነሳም። «ሄደ?»

«ሄደ። ግን የሚነግርዎት አለ።» ስለ ጥቁሩና ስለ ቢጫው ነገረችው፤ ሁለት ሁለት ሆነው እንደሚወርዱ፣ አንዱ የሌላውን አየር እንደሚተነፍስ። ደምለው አንገቱን ዘንበል አድርጎ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«ጓደኛ አለው» አለ።

«አለው።»

«ማን ይባላል?»

ዝናሽ ወደ መንገዱ አየች።

«ረጋ ያለ ነው ወይስ ችኩል? ልጅ እግር ነው? ውሃ የለመደ ነው?»

«አልጠየቅሁትም።»

ሽማግሌው ከእግር እስከ ራሷ አያት። የትከሻዋን ኮከብ አየ፣ ቀበቶዋን አየ።

«አንቺ ፖሊስ አይደለሽ? ከጠዋት ጀምረሽ አገሩን ሁሉ ስትጠይቂ ውለሽ ዋናውን ሳትጠይቂ ሸኘሽው?»

ዝናሽ ስልኳን አወጣችና ጠዋት ወደ መዘገበችው የጠላቂው ቁጥር ደወለች። አልያዘም፤ መንገዱ ላይ ኔትወርክ በአንዱ ኮረብታ አለ፣ በሌላው የለም። እንደገና ደወለች። ደምለው ወንበሩ ላይ ወዲያ ተጠጋና ቦታ ለቀቀላት። ተቀመጠች፤ ስልኩንም እሱ እንዲሰማ በመሀላቸው አኖረችው።